የዝሆን ሄርፒስ ክትባት፦ ለባቢሌ ገንዘብ ከማሰባሰባችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ደሴ የምንማር አምስት ጓደኛሞች ነን። ትንሽ የዱር እንስሳት ክበብ አለችን። የዝሆን ግልገሎችን የሚገድል ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ እንዳለ፣ መድኃኒቱም በአሜሪካና በእንግሊዝ እንደተገኘ አነበብን። አንደኛ፣ ቢሾፍቱ የበግ ፈንጣጣ ክትባት ማምረት ከጀመረ ስንት ዘመኑ ነው፤ የዝሆኑ ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ቫይረሱን ገድሎ መውጋት አይበቃም ነበር? ሁለተኛ፣ የታመመ ግልገል ቢወጋ ይድናል? ሦስተኛ፣ ለባቢሌ ዝሆኖች ለማስመጣት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረናል። እንዴት እንቀጥል?»

መልስ፦

ከሦስተኛው እጀምራለሁ፤ ገንዘብ የገባበት ነገር አይቆይም። ማሰባሰቡን ዛሬውኑ አቁሙ። የሰጧችሁ ሰዎች ካሉ መልሱላቸው። ወይም አስፈቅዷቸውና ከታች ለምነግራችሁ ሥራ አውሉት። ዛሬ ገበያ ላይ ተገዝቶ የሚመጣ የዝሆን ሄርፒስ ክትባት የለም። ያለው በጥቂት መካነ እንስሳት ውስጥ እየተሞከረ ያለ ነው። እሱም የተሠራው የእስያ ዝሆንን ለሚገድለው ቫይረስ ነው። የባቢሌዎቹ የአፍሪካ ዝሆኖች ናቸው፤ የሚይዟቸውም የቫይረስ ዓይነቶች ሌሎች ናቸው።

ቀጥሎ አንድ ቃል ላርም። «መድኃኒቱ ተገኘ» ብላችኋል። የተሠራው ክትባት ነው። እኛ አገር ሁለቱንም «መርፌ»፣ «መድኃኒት» እያልን እንጠራቸዋለን፤ በዚህ ምክንያት የደረሰ ጉዳት በዓይኔ አይቻለሁ። በወሎ ገጠር ስዞር ሃያ ዓመት አልፎኛል። አንድ ጊዜ ለጋምቦ በኩል አንድ አባወራ በጎቻቸውን ነድተው መጡ። ከመንጋው ጥቂቶቹ ፊታቸውና ጅራታቸው ሥር ፈንጣጣ ማውጣት ጀምረዋል። «ዶክተር፣ መድኃኒቱን ቶሎ ውጋልኝ» አሉኝ። ክትባት መሆኑን፣ ቫይረሱ ቀድሞ የገባባቸውን እንደማያድን በደንብ ሳላስረዳ ሁሉንም ወጋሁ። በሳምንቱ ቀድመው የተያዙት ወደቁ። ቀበሌው ሁሉ «መርፌው ጨረሳቸው» አለ። በዓመቱ ለክትባት ስንሄድ በግ ይዞ የወጣ ሰው ጥቂት ነበር። ያ የኔ ጥፋት ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ክትባት ገላን ያስተምራል። ጠላቱን ቀድሞ ያሳየዋል፤ ጠላቱ ሲመጣ ገላው አውቆ ይጠብቀዋል። ትምህርቱ ቀናት ሳይሆን ሳምንታት ይፈጃል። የዝሆን ሄርፒስ ደግሞ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግልገሉን በአንድና በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄያችሁ መልሱ አጭር ነው። የታመመን ግልገል ክትባቱ አያድነውም።

የታመመውን የሚያክሙት በሌላ መንገድ ነው። ሰዎች ለሄርፒስ የሚወስዷቸውን እንደ ፋምሲክሎቪር ያሉ መድኃኒቶች ይሰጡታል። ግልገሉ መዋጥ ካቃተው በፊንጢጣ ይሰጠዋል። ፈሳሽ ይተካለታል። ከጤነኛ አዋቂ ዝሆን የተወሰደ የደም ፕላዝማም ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ብዙዎቹ ይሞታሉ። የሚተርፉት አብዛኞቹ ቀድሞ የተደረሰላቸው ናቸው። ለዚህ ነው ጥሩ መካነ እንስሳት ግልገሎቻቸውን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጆሯቸውን ወደ አጥሩ እንዲያስጠጉ የሚያለማምዷቸው። ከጆሮ ጀርባ ካለው የደም ስር በየሳምንቱ ደም ይወሰዳል። ደሙ የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልገው በፒሲአር ይመረመራል። ቫይረሱ በደም ውስጥ መብዛት ሲጀምር፣ ግልገሉ ገና እየተጫወተ ሳለ፣ ሕክምናው ይጀመራል። ክትባቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ግልገል የሚያተርፈው ዋናው ዘዴ ይህ ነው።

አሁን ወደ ቫይረሱ እንምጣ። ሄርፒስ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም ነው። እናንተም በቅርብ ታውቁታላችሁ። «ምች መታኝ» ብላችሁ ዳማ ከሴ የምታሹበት የከንፈር ቁስል ሄርፒስ ነው። ፀሐይ ያመጣው ይመስለናል። ፀሐይዋ የቀሰቀሰችው እንጂ ያመጣችው አይደለችም። ቫይረሱ ምናልባት ከልጅነት ጀምሮ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አልማዝ ባለጭራም እንዲሁ ነው። በልጅነት ጉድፍ አውጥቶ የሄደ የመሰለን ቫይረስ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተነስቶ ወገብን ይጠመጥማል። የቤተሰቡ ጠባይ ይህ ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይተኛል።

ዝሆኖችም የራሳቸው ሄርፒሶች አሏቸው። ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት አብረዋቸው ኖረዋል። አዋቂ ዝሆኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይሸከሟቸዋል፤ አልፎ አልፎ በኩምቢያቸው ፈሳሽ ያወጧቸዋል፤ ግን ብዙውን ጊዜ አይታመሙም። እናት፣ አክስት፣ አያት ሁሉም ተሸካሚ ናቸው። ግልገሉ ቫይረሱን የሚያገኘው ከሚያቅፉት ከራሱ ቤተሰቦች ነው። በዚህ የተነሳ «የታመመውን ለይቶ ማሰር» የሚለው የቆየ ዘዴ እዚህ ብዙም አይረዳም። ግልገልን ከእናቱ መለየት ራሱ ሊገድለው ይችላል።

በሽታው በደንብ የታወቀው ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ መካነ እንስሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኩማሪ የምትባል የ16 ወር የእስያ ዝሆን ግልገል በድንገት ሞተች። ሎራ ሪችማን የተባለች የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቿ የሬሳዋን ናሙና ሲመረምሩ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ሄርፒስ አገኙ። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ። ያኔ ገዳዩ ቫይረስ ከአፍሪካ ዝሆኖች ወደ እስያዎቹ የተሻገረ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። በኋላ ግምቱ ተሽሯል። ኩማሪን የመሰሉ ግልገሎችን የሚገድለው ዓይነት የእስያ ዝሆኖች የራሳቸው ነው። በሕንድ ጫካ ውስጥም ግልገሎች በእሱ ሞተው ተገኝተዋል። እዚህም እዚያም «የአፍሪካ ዝሆን ያመጣው በሽታ» የሚል ጽሑፍ ካነበባችሁ፣ ያረጀ መረጃ ነው።

ቫይረሱ የሚያጠቃው የጥቃቅን የደም ስሮችን የውስጥ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ደም ወደ ሥጋ ይፈሳል። ጭንቅላት ያብጣል፣ ምላስ ይጠቁራል፣ ልብ በደም ተነክሮ ይደክማል። ጠዋት እናቱ ሆድ ሥር ሲቦርቅ የነበረ ግልገል ማታ ወድቆ ይገኛል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ መካነ እንስሳት ውስጥ ለሚሞቱ የእስያ ዝሆን ግልገሎች ቀዳሚው ገዳይ እሱ ነው። አስቡት፤ ዝሆን 22 ወር ታረግዛለች። አንድ ትወልዳለች። ሌላ ለመውለድ አራትና አምስት ዓመት ትቆያለች። በዱር የቀሩት የእስያ ዝሆኖች ደግሞ ወደ 50 ሺህ ገደማ ናቸው። አንድ ግልገል ሲሞት የሚጎድለው ብዙ ነው።

አዋቂው ተሸክሞት እየኖረ ግልገሉ ለምን ይሞታል? የክትባቱ ሐሳብ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጥጃ ወይም ጠቦት ሲወለድ ደሙ ውስጥ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል። የሚያገኘው ከእንገር ነው። ስለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ያልጠባ ጥጃ አያድግም የሚባለው። ዝሆን ትለያለች። መከላከያውን በአብዛኛው የምታስተላልፈው በማህፀን ሳለ በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። ግልገሉ ሲወለድ ስንቁን ይዞ ይወለዳል። ስንቅ ግን ያልቃል። የእናት መከላከያ እየቀነሰ ይሄድና ከአንድ ዓመት በኋላ ግልገሉ ክፍተት ውስጥ ይገባል። የእናቱ አልቋል፣ የራሱ አልተሠራም። ዕድለኛው ግልገል የእናቱ ስንቅ ሳያልቅ በትንሽ መጠን ከቫይረሱ ጋር ይተዋወቃል፤ ትንሽ ይታመማል ወይም ጭራሽ አይታወቅበትም፤ የራሱን መከላከያ ይሠራል። ዕድለ ቢሱ ደግሞ የሚተዋወቀው ስንቁ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ በሽታ የሞቱ ግልገሎች ደም ሲመረመር ለገደላቸው ቫይረስ መከላከያው ወይ አልተገኘባቸውም ወይ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። በጣም የሚያሰጋው ዕድሜ ከአንድ እስከ ስምንት ዓመት ነው።

እንግዲህ የክትባቱ ሥራ ይህን ክፍተት መሙላት ነው። ግልገሉን ከቫይረሱ በፊት ደርሶ ማስተማር። ቫይረሱን ከዝሆን ዘር ማጥፋት አይደለም፤ ያ አይቻልም።

የማይቻልበትን ምክንያት የወሎ ሰው በሚያውቀው ላስረዳ። የክፉ ቀንን ታሪክ ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ፣ ማረሻው ቆሞ፣ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ያ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው ክትባት ነው። ለመጥፋት የተመቸው ግን በራሱ ጠባይም ነው። ከደስታ የዳነ ከብት ቫይረሱን ከገላው አስወጥቶ ዕድሜ ልኩን አይያዝም። የሚደበቅበት ቤት የለውም። ሄርፒስ ግን ከዳነውም ገላ አይወጣም። በአዋቂዎቹ ዝሆኖች ሁሉ ውስጥ ቤት ሠርቷል። ስለዚህ «እንደ ደስታ ያጠፉታል» ብሎ የሚነግራችሁ ቢኖር አትቀበሉት።

ወደ አንደኛው ጥያቄ ልመለስ። ለምን ዘገየ? ዋናው ምክንያት ቫይረሱ ላብራቶሪ ውስጥ አልበቅል ማለቱ ነው።

ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የበግ ፈንጣጣ ክትባት ሲሠራ ቫይረሱን በብርጭቆ ውስጥ በሚኖሩ ሴሎች ላይ ያሳድገዋል። ከዚያ ይሰበስበዋል፣ ያደርቀዋል፣ በብልቃጥ ያሽገዋል። በነገራችን ላይ ያ ክትባት የተገደለ ቫይረስ አይደለም። ሕያው ነው፣ ግን የተዳከመ ነው። ብልቃጡ ፀሐይ ላይ ከዋለ ከንቱ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ብትገድሉትም ብታዳክሙትም ግን መጀመሪያ ማብቀል አለባችሁ። ዘር ከሌለ አዝመራ የለም። የዝሆኑን ሄርፒስ በዓመታት ሙከራ በላብራቶሪ እንደዚያ አሳድጎ መሰብሰብ አልተቻለም። የሚገድለው የለም፣ የሚያዳክመው የለም። የድሮው የክትባት አሠራር በሙሉ በዚህ በር ላይ ቆመ።

መውጫው የመጣው ከዘረመል ንባብ ነው። ከሞቱ ግልገሎች ሥጋ የቫይረሱ ሙሉ ዘረመል ተለቅሞ ተነበበ፤ ወደ 180 ሺህ የሚጠጋ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። ፊደሉ ከታወቀ ቫይረሱን ራሱን ማሳደግ ግድ አይሆንም። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ለመግባት እንደ ቁልፍ የሚጠቀምባቸውን ፕሮቲኖች መርጦ እነሱን ብቻ ለገላ ማሳየት ይቻላል። ሌባው ሳይመጣ የቁልፉን ቅርጽ ለዘበኛ እንደማሳየት ነው።

በዚህ መንገድ የሄዱ ሁለት ቡድኖችን አውቃለሁ። አንደኛው የአሜሪካው ሂውስተን ነው። የቤይለር ሕክምና ኮሌጁ ቫይረስ ተመራማሪ ፖል ሊንግ ከሂውስተን መካነ እንስሳት ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል። የመረጡት ኤምአርኤንኤ ነው፤ ኮቪድ ጊዜ የሰማችሁት ዓይነት። ፕሮቲኑን አይወጉም። የፕሮቲኑን አሠራር የያዘች አጭር መመሪያ ይወጋሉ፣ የዝሆኗ ሴሎች መመሪያውን አንብበው ፕሮቲኑን ራሳቸው ይሠሩታል፣ ከዚያ መመሪያዋ ትፈርሳለች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የመጀመሪያውን መርፌ የወሰደችው ቴስ የምትባል የ40 ዓመት የእስያ ዝሆን ናት።

ሁለተኛው እንግሊዝ ነው። ቼስተር መካነ እንስሳት፣ የሰሪ ዩኒቨርሲቲና የአገሪቱ የእንስሳትና ዕፅዋት ጤና ተቋም አብረው የሠሩት ነው። ቼስተር በዚህ በሽታ ግልገሎቹን በተደጋጋሚ የቀበረ ቦታ ነው። እነሱ የመረጡት ተሸካሚ ነው። ኤምቪኤ የሚባል እጅግ የተዳከመ የፈንጣጣ ወገን ቫይረስ አለ። አውሮፓ ውስጥ ዝሆኖችን ከላም ፈንጣጣ ለመከላከል ቀድሞም ይወጋ ስለነበር ለዝሆን እንደማያሰጋ ይታወቃል። በእሱ ጀርባ የሄርፒሱን ፕሮቲን ጭነው መጀመሪያ ይወጋሉ፤ ቀጥለው ፕሮቲኑን ብቻ ይደግማሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ያሳተሙት ውጤት ክትባቱ በጥቂት አዋቂ ዝሆኖች ላይ ጉዳት እንዳላደረሰና ቲ ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች እንዳነቃ ያሳያል። ቲ ሴሎች እዚህ በጣም ያስፈልጋሉ። ሄርፒስ ሴል ውስጥ ይደበቃል፤ የተደበቀበትን ሴል ለይተው የሚገድሉት እነሱ ናቸው።

ሁለቱም ሥራዎች ልቤን ሞልተውታል። ቢሆንም እስካሁን የተረጋገጠው ምን እንደሆነ በልኩ መያዝ ይገባል። አዋቂ ዝሆን ቫይረሱን ቀድሞ ተሸክሟል። ስለዚህ ቴስም ሆነች የቼስተር ዝሆኖች ክትባቱ ጉዳት እንደሌለውና መከላከያን ከፍ እንደሚያደርግ እንጂ ግልገልን ከሞት እንደሚያስጥል ሊያሳዩን አይችሉም። ያንን የሚያሳዩት ግልገሎች ናቸው። የበግ ክትባት ሲፈተሽ ጥቂት በጎች ይከተባሉ፣ ጥቂቶች ሳይከተቡ ይቆያሉ፣ ከዚያ ሁሉም ለቫይረሱ ይጋለጣሉ፤ በወር ውስጥ መልሱ ይታወቃል። ግልገል ዝሆንን ሆን ብሎ በገዳይ ቫይረስ መያዝ ግን ማንም ጤነኛ ሰው አያደርገውም። ስለዚህ ከትቦ መጠበቅ ነው። በየሳምንቱ ደም እየወሰዱ፣ ቫይረሱ በተፈጥሮ ሲመጣ የተከተበው ግልገል ምን እንደሚሆን ማየት። ግልገሎቹ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ዓመታት ይወስዳል። ይህን «ዘገዩ» ብሎ መውቀስ አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። «ተከተበ» ማለት «ቫይረሱ አይገባበትም» ማለት አይደለም። ይህን ከዶሮ መማር ትችላላችሁ። ማሬክ የሚባል የዶሮ በሽታ አለ፤ እግርና ክንፍ ሽባ ያደርጋል፣ በውስጥ ዕጢ ያወጣል። እሱም ሄርፒስ ነው። ክትባቱ ከተገኘ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን ትወጋለች። የተከተበችው ዶሮ ቫይረሱ ይገባባታል፣ ትረጨዋለችም። ግን አትሞትም። የዶሮ እርባታ በዓለም ላይ የቆመው በዚህ ዓይነት ክትባት ነው። ለዝሆኑም ተስፋ የሚደረገው ይኸው ነው። ቫይረሱ ይግባ፣ ግልገሉ ትንሽ ይድከም፣ ግን ይትረፍ። ከመካከላችሁ ቤተሰቡ የአርባ አምስት ቀን ጫጩት ገዝቶ የሚያረባ ካለ፣ ሻጩን «በመጀመሪያው ቀን የማሬክ ተወግታለች ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። በኋላ ቢወጓት ዘግይቷል።

ባቢሌን በተመለከተ ደግሞ። የአፍሪካ ዝሆኖችም በራሳቸው ሄርፒስ ሊሞቱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ኢንዲያናፖሊስ መካነ እንስሳት ውስጥ ካሊናና ኒያህ የሚባሉ ሁለት ወጣት የአፍሪካ ዝሆኖች በጥቂት ቀናት ልዩነት ሞተዋል። የገደላቸው ሦስተኛው ዓይነት የሚባለው ነው። ክትባት እየተሞከረበት ያለው አንደኛው ዓይነት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የሥራው ነገር አለ። የባቢሌ ዝሆን ጆሮውን ወደ አጥር አያስጠጋላችሁም። ለአንድ ግልገል ከእናቱና ከአክስቶቹ መሐል በማደንዘዣ ጥይት መትቶ መከተብ፣ ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ግልገል ፈልጎ መድገም፣ ክትባቱንም በዚያ ቆላ በበረዶ ሣጥን ይዞ መዞር ማለት ነው። ግልገሉን የሚጎዳው ከሚጠቅመው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተከለለው የባቢሌ መጠለያ የታወቀ ችግር አለበት። የዝሆን ጥርስ አዳኝ አለ። ሰፈራና እርሻ እየገፋ ነው። በዚህም ዝሆንና ገበሬ ይጋጫሉ። ለእነዚህ መርፌ የለም።

እንግዲህ ምን ትሠሩ? ምክሬ አንድ ነው፤ ጉልበታችሁን እዚሁ ወሎ ላይ አውሉት። ያነበባችሁት የክፍተት ነገር በጠቦትና በግልገል ፍየል ላይም አለ። የእናት መከላከያ በሦስትና በአራት ወር ገደማ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የበግና ፍየል ደስታ ወይም ፈንጣጣ ቢመጣ መጀመሪያ የሚረግፉት እነሱ ናቸው። ሁለቱም ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል። የበግና ፍየል ደስታን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት እየተሠራም ነው። እሱ እንደ ከብቱ ደስታ የሚጠፋ ዓይነት ነው፤ ከዳነው ገላ ይወጣል። እኛ የሚጎድለን ብዙ ጊዜ ክትባቱ አይደለም፤ ሰው በጎቹን በሰዓቱ ይዞ አለመውጣቱ ነው። የምትኖሩበትን ወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ የክትባት ቀን ጠይቁ። ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ቤት ለቤት ዙሩ። ባለፈው ዘመቻ ያልነበሩትን፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱትን ጠቦቶች አስቆጥሩ። «ይህ መርፌ የታመመውን አያድንም፣ ጤነኛውን ይጠብቃል» በሉ። እኔ ለጋምቦ ላይ ያላልኩትን ነው። ከክትባቱ በሳምንቱም ተመልሳችሁ ጠይቁ። ለመጓጓዣና ለደብተር የምታወጡት፣ ለባቢሌ ካሰባችሁት ገንዘብ ጥቂቱ ይበቃል።

በዚያ ስትዞሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። በደጋው ብዙ ቤት በግና ከብት አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። በግ የሚሸከመው፣ እሱን ጭራሽ የማያሳምመው ሄርፒስ አለ። ወደ ላም አልፎ አልፎ ሲሻገር ይገድላል። ላሟ በኃይል ታተኩሳለች፣ ዓይኗ እንደ ጉም ይጋረዳል፣ አፍንጫዋ በወፍራም ንፍጥ ይደፈናል። ይህም ቫይረስ እንደ ዝሆኑ በላብራቶሪ አልበቅል ያለ ነው፤ ክትባት የለውም። በብዛት የሚረጩት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ያሉ ጠቦቶች ናቸው። እንዲህ ያለች ላም ካያችሁ የጠቦቶቹን ማደሪያ ከከብቱ ለዩ በሉ። የተያዘችው ላም ወደ ሌላዋ ላም አታስተላልፍም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ደንግጦ ከብቱን ሁሉ አውጥቶ እንዳይሸጥ ንገሩት።

የመጨረሻ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ይህን በጥብቅ ያዙ። አንድ ቀን ባቢሌ ሄዳችሁ የሞተ ዝሆን ብታዩ፣ ወይም እዚሁ በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም የሚፈስ በሬ ብታገኙ፣ «ሄርፒስ ይሆናል፣ ናሙና እንውሰድ» ብላችሁ እንዳትነኩት። መጀመሪያ የሚጠረጠረው አባ ሰንጋ ነው። አባ ሰንጋ ዝሆንንም ይገድላል፣ ሰውንም ይገድላል። ሬሳው ከተከፈተ ተዋሲው አየር ሲያገኝ ጠንካራ ዘር ይሠራና አፈር ውስጥ አሥርተ ዓመታት ይቆያል። ቢላ አታሳርፉበት። ሥጋውን ማንም እንዳይወስድ፣ ውሻም እንዳይቀርበው አድርጉ። ባቢሌ ከሆነ ለጥበቃው፣ እዚህ ከሆነ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ቦታውን ከርቀት አመልክቱና እስኪመጡ ድረስ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ።